ፊርማ

ሐሙስ ማታ፣ አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ ቤቴ፣
ኢታማር ወረቀት ዘርግቶ ቆመ ከፊቴ።
«አባ፣ ሌላውን ልጅ ሕጉ ነው የሚወስደው፤
እኔ ግን አንድ ልጅ ነኝ፣ ያንተ ፊርማ ነው።
ቢሮ ብቀመጥ ማንም አይጠይቅህም፤
ግንባር ልሂድ ካልኩ ግን ሳትፈርም አይሆንም።»

ትብለጥ ፈርማለች። እናቱ ናት፤ ቀደመችኝ፤
ለምን እንደፈጠነች እስካሁን አልነገረችኝ።

እኔ በሱ ዕድሜ ጎታ ውስጥ ነበርኩኝ፣
ጤፍ እስከ አንገቴ ድረስ፣ ሳል እያነቀኝ።
ውጭ ሊቀመንበሩ በዱላው ግድግዳ ሲደበድብ፣
«ኮታው ሦስት ነው!» ሲል ለሰፈሩ ሕዝብ።
ልጅ አልነበረም፣ ቁጥር ነበር የሚፈልገው፤
ቁጥሩ መሙላት ነበረበት፤ መኳንንት ሞላው።
የብረት ሠሪው የተካ ልጅ፣ ቅንድቡ የተቃጠለ፣
በአይፋ ተጭኖ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የለ።
እናቱ እናቴን ወንዝ መውረጃው ላይ ስታያት
ምንም አላለቻትም፤ መንገዱን ተወችላት።

እዚህ ደረጃው ላይ አፍ የሌለው የለም።
ገናዲ፣ ልጁን በሐኪም ወረቀት ያስቀረው፦ «ጀግና ጡረታ አይበላም።»
ከማዶ የሺቫው መብራቱ አይጠፋም፣
«ትምህርታችን ጋሻ ነው»፤ ቢጠሯቸው አይሰሙም።
ባለ ሱቁ ኒሲም ባንኮኒውን መትቶ
«ሁሉም ይዝመት!» ይላል፤ ልጁ ያለው ቶሮንቶ።
የኔን ልጅ አምና፣ ባለ ኮፍያ ሹራብ ለብሶ ሳለ፣
ፖሊስ ግድግዳ አስይዞ «መታወቂያ» አለ፤
ነገ ያንኑ ጀርባ አረንጓዴ ሲያለብሱት፣
«ጀግናችን» ብለው አውቶቡስ ላይ ወንበር ሊለቁለት።

አያውቅም አልልም። ያውቃል።
«ለዚህ ነው የምሄደው» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል።
«ለነሱ ነው?» ብለው፣ ጥፍሩን እየላጠ
«ለነሱም አይደለም» አለ፤ ሶፋው ጠርዝ ተቀመጠ።

ጎትተው ቢወስዱት ኖሮ እጄ ንጹሕ ነበር፤
መንግሥት እረግም ነበር፣ ደጃፍ እቆም ነበር።
ማስገደድ ለወላጅ ይቅርታ አለው፣ አሁን ገባኝ፤
ፈቃድ ነው ብዕር አስጨብጦ ያስፈራኝ።
ባልፈርምስ፣ የማን ልጅ ይሆን የሚሞላው ቁጥሩን?
የማን እናት ናት ደረጃው ላይ የምትለቅልኝ መንገዱን?

እስክሪብቶው ደርቋል። በመብራት ሒሳቡ ጀርባ ሞከርኩት፤
ከቀኝ ልጀምር ከግራ እያልኩ፣ እጄን ለቀኩት።
እጄ ከግራ ጀመረ። አምስት ፊደል፦
መኳንንት።

ልጄ በትከሻዬ በኩል አዘንብሎ አየው።
አማርኛ አያነብም።
«ፊርማህ ይሄ ነው?» አለኝ።