ሃያ ሊትር

ምንታምር፣ የብሎክ ሰባ ሁለት ባለሽንኩርት፣
ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቷን የተወች፣
ለምን እንደሆነ ያልጠየቅኋት፣
የኢንቴግራሌን ስሕተት ካርቶን ላይ አሰላች።

ሌሊቱን ሙሉ እምቢ ያለኝን ኮድ
ስልኬን ከቱሉ ዲምቱ ፀሐይ ከልላ አየች፤
«ቅንፍ ከፍተህ ሳትዘጋ ሄድህ፣
ነፋስ ይገባል፣ ወንድሜ» አለች።

ክፍያዋ ሃያ ሊትር ውኃ ነው፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፤
ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት አልፎታል።
ደረጃውን ስጀምር ድምፅዋ ከታች ይከተለኛል፦
«ሥራው ስንት ጁል ይሆናል?»
ቁና ቁና እየተነፈስሁ አባዛለሁ፤
ጀሪካኑ ጣቴን ይቆርጣል።

ወርጄ ፊቷ ስቆም፦
«አሁንስ? ከተነሣህበት ተመልሰሃል፤
ስበት በአንተ ላይ የሠራው፣ ድምሩ?»
«ዜሮ።»
«መጽሐፉስ እንደዚያ ይላል» አለች፤
ሚዛኗን አራግፋ
ወደ ሌላ ገዢ ዞረች።