አልፎ አልፎ ካፊያ

ሌሊት አሥር ሰዓት፣ በርገን ከተማ ላይ፣
በመስኮቱ ሳይሆን በካርታ ሳይ ሰማይ፣
ከሰሜን ባሕር ላይ ደመና ይሳባል፣
እንደ ራሰ ሸራ ጫፉ ጠብ ጠብ ይላል።
ሰኔ ላይ ነን ዛሬ፣ የበጋ መባቻ፤
የጻፍኩት ግን ይህ ነው፣ ይህችው መስመር ብቻ፦

«ለምዕራቡ ጠረፍ፣ እስከ ዓርብ ድረስ፣
ቀዝቃዛ አየር፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዲግሪ፣
መጠነኛ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ፣
አልፎ አልፎ ካፊያ።»

«አልፎ አልፎ» ብዬ ስንቱን መንደር አለፍኩ፣
በአውራ ጣቴ ስፋት ስንቱን ደጃፍ ሸፈንኩ!
ጀልባ ቀቢው ሰምቶ ቀለሙን ይከድናል፤
የሙሽራዋ አባት ድንኳን ይከራያል፤
ንብ ብርዱን ፈርታ ከቀፎዋ ስትቀር
ንብ አርቢው በባልዲ ይበጠብጣል ስኳር።
ይህን ሁሉ አላይም። እኔ የማየው ነጥብ፣
ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሲሄድ ሲሰበሰብ።

ጉንቮር ግን ትደውላለች።
ሆልቪክ ከምትባል መንደር፣ ከፊዮርዱ ጥግ፣
ጓሮዋ የዝናብ መለኪያ አለ፣ አጠገቡ በግ።
በየማለዳው ሁለት ሰዓት ቁጥሯን ትነግረኛለች፤
ገና ሆነ ፋሲካ አንድም ቀን አልቀረች።
ፊቷን አላውቀውም። የማውቀው ከድምጿ ኋላ
በጉ ሲነቃነቅ የሚሰማ ቃጭል፤
አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚሊ ሜትር ስንቀባበል
ስለ ሌላ ነገር አውርተን አናውቅም።

ሰኞ ለት ግን ቁጥሩን ሰጥታ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ቆየች።
«ሣሬን ላጭድ ነው ዛሬ» አለች።
«ትንበያህን ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ ቶርጌርም ሰምቷል፤
ማጨጃውን ጋጣ አስገብቶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።
እኔ ግን ሣሩን አየሁት፤ አበባው ወጥቶ አልቋል፤
ሣር ያንተን ሬዲዮ መች ሰምቶ ያውቃል?»
«ይዘንባል» አልኳት።
«ይዝነባ! እሱም ሥራው ነው፤ እኔም ሥራዬን ልሥራ።»

ከመሥሪያ ቤት ወጥቼም ከራዳሩ አልወጣሁ፤
በአውቶቡስ ውስጥ፣ በእራት መሃል፣ ስልኬን እያወጣሁ አየሁ።
ደመወዜን የምበላው ልክ በመሆኔ ነው፤
ያን ማታ ግን የጓጓሁት ቃሌ እንዲዋሽ ነው፣
በካርታዬ ላይ ሲያዩዋት
የትንኝ እግር ለማታህል ለአንዲት ቁራሽ ማሳ።

በቶርጌር ግድግዳ ተሰቅሏል አካፋ፤
በጉንቮር ሣር ላይ ግን ሰማዩ አካፋ።

ማለዳ ሁለት ሰዓት። ስልኩ ጮኸ።
«ሁለት ነጥብ አራት።»
ጻፍኩ። ልክ ነበርኩ።
ልክ መሆን እንዲህ አፍ ውስጥ እንደሚመር አላውቅም ነበር።
ቃጭሉ ተሰማ፤ ዝም አልን ሁለታችን፤
አሥራ ሦስት ዓመት ያልጠየቅኳትን
ያኔ ጠየቅኳት፦
«ሣሩስ?»

«ሣሩማ ሽቦ ላይ ነው! ማታውን ሰቅዬው አደርኩ፣
አምስት ረድፍ፣ እንደ ልብስ፣ ጀርባዬ እስኪቆረጥ።
ዝናቡ የላይኛውን እንጂ የውስጡን አይነካ፤
የላዩ ሣር ለታቹ ጣሪያ ነው ለካ
ያለችኝ እናቴ ናት፣ ልጅ ሳለሁ።
እዚህ አገር ዝናብ እስኪያባራ የጠበቀ
በጋውን ሲጠብቅ በጋው አለቀ።»

የነገውን ልጽፍ ተመለስኩ።
ያው ቅዝቃዜ፣ ያው ነፋስ፣ ያችው አልፎ አልፎ።
አንዲት ቃል ልጨምር ብዬ ጣቴ ከፊደሉ ላይ ቆመ፤
ስለ ሽቦ፣ ስለ ሣር፣ ስለ ላይኛውና ታችኛው።
ደንቡ አይፈቅድም። ተውኩት።

ለካ ስልኩን አልዘጋሁትም ኖሯል፤
ከወዲያ በኩል ጉንቮር ከሰው ጋር ታወራለች፣
በጉ ይጮኻል፣ ቦቲ ጫማ ጭቃ ይረግጣል፤
«ቶርጌር ነው» አለችኝ ተመልሳ፣ ሳቅ እያፈናት፣
«ሽቦ ሊዋሰኝ መጥቷል።»