በቀስታ

«ዓይንሽን ከሌንሱ አታንሺ» አለኝ ከሳንቲያጎ የመጣው አሠልጣኝ፣
ሸሚዙ እንደ አዲስ ወረቀት፤ እጄን አይቶ ትንሽ ያዘነልኝ።
«ስትናገሪ ቁሚ፣ እጅሽ ይታይ፣ ድምፅሽ ወጣ ገባ ይበል፣
በየደቂቃው ስላይድ ቀይሪ፣ ሰው ካንድ ሥዕል ጋር አይውል፤
በየአምስት ደቂቃው ጠይቂ፣
መልስ ባይመጣም እንኳ፣ እንደመጣ ሁሉ ሳቂ።»

ሁሉንም ጻፍሁት። እኔ የማውቀው ገመድ ነው፣
ቫልፓራይሶ ገደል ላይ ሰው የሚያወጣ፣ የሚያወርደው።
ሃያ ስድስት ዓመት ሽቦ በጣቴ ዳብሼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ
የደከመውን ክር የምለይ፤ ሰው ፊት ንግግር ግን? መቼ!
ደግሞም ገመድ አያዛጋም፣
ቁልፍ ነክቶ ጨለማ ውስጥ አይገባም።

ቀኑ ደረሰ። ላፕቶፑን በሁለት የጥገና መዝገብ ከፍ አደረግሁት፣
ከሌንሱ ሥር የአባቴን የካፖርት ቁልፍ በሙጫ ለጠፍሁት፣
ዓይኔ እንዳይቅበዘበዝ፣ ማረፊያ እንዲኖረው።
ከወገቤ በላይ ሰማያዊ ጃኬት፤ ከወገቤ በታች ያለው
የእኔና የጠረጴዛው ምስጢር ነው።
ጎረቤቴ ኤቫሪስቶ ግድግዳ መብሳቱን ለአንድ ሰዓት ሊያቆም
ባንድ ጠርሙስ ወይን ተስማማን፤ የባሕር ወፎቹን ግን የሚያስማማ የለም።

ሁለት መቶ ሠላሳ ሰው ገባ። ከሊዝበን፣ ከቡሳን፣ ከበርን፤
ጥቁር ሳጥን፣ ነጭ ስም፤ ከሩቅ የሚታይ መቃብርን
መሰለኝ። «ደህና ዋላችሁ!» ብዬ ሳቅሁ፤
ሳቄ ከጠረጴዛው ጫፍ ሳይዘልቅ ሲወድቅ አየሁ።
ጠየቅሁ፤ ዝም። ስላይድ ቀየርሁ፤ ዝም።
ወደብ ላይ እንደቆመ ዓሣ ሻጭ ጮኽሁ፤ አሁንም።

ለካ በሦስተኛው ገጽ ጥግ አንድ መስኮት ተከፍቶ ኖሯል፤
አንድ ሽማግሌ፣ መነጽሩን በእጁ እንደያዘ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።
ተኝቷል። ከሥሩ «ካታልዶ፣ ናፖሊ» ይላል።
ልናደድ ስል፣ ከጀርባው አንዲት አሮጊት ብቅ አለች፣
ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገች፣
ቀና ስትል ስክሪኑ ላይ አየችኝ፤
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ያለ ድምፅ፣ «እሽሽ…» አለችኝ።

ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ትእዛዝ! ምን ላድርግ፣ ታዘዝሁ።
የአሠልጣኙን ወረቀት ገለበጥሁት። ተቀመጥሁ።
ሕፃን እንደተኛበት ቤት፣ በለሆሳስ አወራሁ፣
ቃሉን እንደ ገመዱ አንድ ባንድ በጣቴ እየዳሰስሁ፦

«ገመድ ባንድ ቀን አይበጠስም። መጀመሪያ አንዲት ክር፣
ከውስጥ፣ ማንም በማያያት በኩል፣ ትለቃለች በምስጢር።
ሌሎቹ ሸክሟን ይካፈላሉ፣ አይናገሩም፤
ሠረገላው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ተሳፋሪዎቹ ባሕሩን ያያሉ እንጂ አይጠረጥሩም።
እጃችሁን አሳርፉበት። ጆሯችሁን አስጠጉት።
ቸኩሎ ለሚያልፍ አይነግርም።»

ደረቱ ከፍ ሲል ጠበቅሁ፤ ዝቅ ሲል ቀጠልሁ።
ከሠላሳ አራት ስላይድ አንዱ ላይ ቀረሁ፣
የዛገች አንዲት ክር ላይ። ማንም «ቀጥዪ» አላለኝ።
ይልቅ አንድ መስኮት በራ። የቡሳኗ ሴት፣
አገጯን በመዳፏ ደግፋ። ቀጥሎ አንድ ሰው፣ ሾርባ ፊቱ ቀርቦለት
ማንኪያውን የረሳ። ከዚያ ሌላ። ብዙ አይደሉም፤
ዘጠኝ ይሆናሉ። ከዘጠኙ ጋር ሌንሱን ረስቼ ሰዓቱ ሲያልፍ አላወቅሁም።

ማታ መልእክት መጣ። ከበርን፦ «ለእኔ ብቻ የምትነግሪኝ መሰለኝ።»
አሠልጣኙም፦ «ሥልጠናው ፍሬ አፈራ! እንዴት ያለ እርጋታ!» አለኝ።
አመሰገንሁት። ስለ ብርድ ልብሱ ምን ብዬ ልንገረው?

በሁለተኛው ቀን ካታልዶ ራሱ ጻፈ። ቃሉ ቁጥብ፣ ጨዋ ነው፦
«ከተከበሩት ኤደልሚራ ኦያርሱን ንግግር መሃል መስመር ተቋርጦብኝ
ጥቂት አመለጠኝ። ቅጂው ቢላክልኝ።»

መስመር ተቋርጦብኝ!
ሳቅሁ፤ ይህኛው ሳቅ ከጠረጴዛው አልፎ ኤቫሪስቶ ግድግዳ ደረሰ።
ቅጂውን ላክሁለት፤
«ማታ፣ መብራት አጥፍተው ቢሰሙት ይሻላል» ብዬ ጻፍሁለት።