ወጥ

የአራተኛ ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ፣
የጅማ ዝናብ ሲደልቀው እንደ ከበሮ፣
ጋሽ አጥላው አንድ ቃል ጻፉ፣ ጠመኔው እስኪሰበር፦
«ወጥ። በዚህ ቃል ሥሩ ዐረፍተ ነገር።»

ልጁ ሁሉ ድስቱን ጣደ፤
ሽንኩርት ከተፈ፤ የባለሆቴሉ ልጅማ ዶሮ አረደ።
እኛ ቤት ግን ድስት ውስጥ ያለው «ኢቶ» ነው፤
ወጥን የማውቀው አባቴ ሂርማታ ለገዢ ሲምል ነው።
ጻፍኩ፦
«የአባቴ በርጩማ የሚሠራው ከወጥ ነው።»

ክፍሉ አውካካ። ጋሽ አጥላውም ሳቁ፣ ዕንባቸው እስኪመጣ፤
«ከቀዩ ነው ከአልጫው?» አሉና ብዕራቸው ከኪስ ወጣ።
ቀይ።

ቅዳሜ ገበያ መጡ፤
አንዱን በርጩማ አንስተው ገለበጡ፤
መጋጠሚያ ፍለጋ ሦስቱንም እግር በጥፍር ቧጠጡ።
«ሙጫው የቱ ጋ ነው?»
አባቴ ዋንዛውን በመዳፉ መታ፦
«ሙጫ የለው፣ ሚስማር የለው፣ ወላሂ፣ ጌታ!
አንድ ግንድ ነው። ወጥ ነው።»

ዝም።
ፍቅፋቂው መሃል ተቀምጬ አዩኝ፤
«ነዚፍ፣» አሉ፣ «ለካስ ወጥ የረገጥኩት እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን አየሁ።
ጭቃ ብቻ ነው።