የጌቲን ብሎን

ቹቡት፣ ሰኞ ማለዳ፤ ንፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።
ፒክአፑን በክሪክ አንስቼ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ጠቅጥቄ፣
ካርቶን አንጥፌ ገባሁ፣ በጀርባዬ ተንፏቅቄ።

አሥራ ሰባት ቁልፍ ሰካሁበት፤ ብሎኑ ወይ ፍንክች!
ጌቲን ነው ያጠበቀው፣ ልክ የማያውቀው ወንድሜ።
ከተቀበረ ሦስት ወሩ፤
ጉልበቱ ግን እዚሁ ቀርቶ፣ ብረት ይዞ ይሟገተኛል።

"ልቀቅ፣ አንተ ግትር!" ቁልፉን በተረከዜ ረገጥኩ።
ቋ! አለ።
ዘይቱ እጅጌዬን አልፎ ወረደ፤ ጥቁር፣ ለብ ያለ፣
የሁለት ክረምት መንገድ በአሮጌ ሳፋ ተንጣለለ።

እሱ እስኪንጠፈጠፍ ኮፈኑን ከፍቼ
የአየር ፊልትሮውን ሳወጣ፣ በየእጥፋቱ አቧራ፤
ከትሬለው ሆስፒታል ስንመለስ፣ ጠጠሩ መንገድ ላይ፣
"መስኮቱን ክፈቺው" ያለኝ ቀን የተነሣው አቧራ።
የእሱ ሳንባ ያልቻለውን
ይዞት የኖረው ለካ የመኪናው ሳንባ።
ጎማው ላይ መታ መታ አደረግሁት፤
ንፋሱ የራሱን ወሰደ፣ የቀረው ጥፍሬ ሥር ገባ።

አዲሱ ዘይት በጣሳው ይጠብቃል። ብሎኑን መልሼ ሳስር
ክንዴን እንደ እሱ መጨከን ቃጣው። አልጨከንኩም።
ሚያዝያ ላይ የምፈታው እኔው ነኝ፤
ከራሴ አቅም በላይ አላጠብቅም።