ቃል ጠባቂው

ከመድረኩ በስተግራ፣ ተመልካች በማያይበት፣
አንድ እግሯ ያጠረ ዱካ፣ በሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ መብራት፣
ጭኔ ላይም ጽሑፈ ተውኔት።
ደመወዜ በየሳምንቱ ሦስት ፓውንድ ነበር፤
ሥራዬ ማንሾካሾክ ነው፣ ከተዋናይ ቃል ሲሰወር።
"ቃል ጠባቂው" ይሉኝ ነበር፣ አናጢዎቹ እየሳቁ፤
ሌላ ቃል እንደምጠብቅ ኋላም ቢሆን አላወቁ።

ከሁለተኛው ጦርነት አምስት ዓመት ቀደም ብላ፣
ሄስተር ፓርጀተር ሊድስ መጣች፣ ሻንጣ በገመድ አንጠልጥላ።
አባቷ በግሪምስቢ ወደብ ዓሣ በጢስ አድራቂ፣
እናቷ አልጋ አከራይ፣ መርከበኛ አስታራቂ።
አዘጋጁ ሚስተር ክራዶክ "አፍሽን ታጠቢ" ቢላት፣
"የትኛው ሳሙና ይሻላል?" ብላ ሳቀች። ሥራ ሰጣት።

"እመቤቴ፣ እራት ቀርቧል" — ሦስት ቃል፣ ለሦስት ዓመት።
ሦስቱን ቃል በየማታው ትኩስ አድርጋ አወጣችው፤
እራቱ በውኑ ያለ ይመስል፣ ሕዝቡን ሁሉ አስራበችው።
ብላክበርን፣ ሃሊፋክስ፣ ደርቢ፤ እሑድ እሑድ በባቡር፤
ሳንቲም ካልጎረሰ በማይነድ፣ የኪራይ ቤት ምድጃ ዳር
ካልሲዋን እየጣፈች፣ ጽሑፏን ታጠናለች፣
በጥርሷ መርፌ ነክሳ፣ የንግሥት ቃል ትናገራለች።

የካቲት ነው፣ በረዶ ማታ፤ ጦርነቱ ካለቀ ሦስት ዓመት፤
ልጇን ባሕር የበላባት እናት ሆና ስትጫወት።
መርዶ ነጋሪው ከበር ቆሟል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው በቧንቧ ውኃ ተነክሮ፣ ደንግዞ።
"ተቀመጥ ልጄ፣ በስብሰሃል" — ልትለው የሚገባት ይሄ ነው።

ቃሉ ጠፋት።
ዓይኗ ወደ ጥጌ ዞረ።
እኔ ግን፣ ዛሬ ልናዘዝ፣ ገጽ ጠፍቶብኝ ነበረ፤
ገጿን ሳነብ፣ ገጽ ሳልገልጥ፣ ስንት ደቂቃ እንደነጎደ
አላውቅም፤ ጣቴ ወረቀቱ ላይ እንደ ዕውር ሄደ።
አሥር ቆጠርኩ፣ ሃያ ቆጠርኩ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣
ከዚያ እሱም ዝም አለ፤ ስድስት መቶ ሰው ትንፋሹን ሸሸገ።
እሷ ቀስ ብላ ወንበሩን ለመርዶ ነጋሪው ሳበች፣
ቃል ባይመጣላት፣ በእጇ መቀመጫውን ጠረገች።

"የዘመኑ ታላቅ ዝምታ!" ሲል ጋዜጣው በማግስቱ፣
እሷ ጆሮዬን ቆንጥጣ፦ "አምብሮዝ፣ የት ነበርክ ከንቱ?"
"ለማንም እንዳትናገር" አለች። ቃል ሰጠኋት። ጠበቅኩ።
ቃል ማቀበል ቢያቅተኝ፣ ቃል መጠበቅ ጀመርኩ።

ለንደን ጠራት። ፊልም ሠሪዎች ያንን ዝምታ ፈለጉ፤
"እንደ ሊድሱ ዝም በዪ" እያሉ ካሜራ አስጠጉ።
አሥራ አንድ ጊዜ ዝም አለች፤ አሥራ ሁለተኛው ተወደደ፤
ፊቷ ሸራው ላይ እንደ ቤት ገዝፎ፣ ባሕር ማዶ ድረስ ሄደ።
ሁለት ባል፦ አንዱ ሰካራም፣ አንዱ ደግ፣ ቶሎ የሞተ፤
አንድ የነሐስ ሽልማት፣ የኩሽና በር እየገታ የሰነበተ።
ሃምሳ ዓመት ሲሞላት ጊዜ፣ ስልኩ መጮህ አቆመ፤
በቴሌቪዥን አክስት ሆና፣ ስሟ ከታች ታተመ።
ሐሙስ ማታ "እራት ቀርቧል" ልትል ስትል፣ እኔ ሶፋ ላይ
ቀድሜ አንሾካሽካለሁ፣ ድመቴ በትዝብት ሲያይ።

ባለፈው ጥቅምት ስካርቦሮ፣ የአረጋውያን ቤት ሄድኩ፤
ጃንጥላዬን ነፋስ ሰብሮት፣ ከበሩ እያንጠባጠብኩ ቆምኩ፣
ባርኔጣዬን በእጄ ይዤ።
"ሰው አትለይም" አለች ነርሷ፣ "ስሟንም ትስታለች።"
ሄስተር በመስኮቱ በኩል ባሕሩን ታያለች።
ዞረች። ዓይኗ ወደ ጥጉ ሄደ፣ ከዚያ ወደኔ ተመለሰ።
አሥር ቆጠርኩ፣ ሃያ ቆጠርኩ። ዝናብ መስኮቱን ዳሰሰ።
እጇ ቀስ ብሎ ወንበሩን ሳበ። መቀመጫውን ጠረገ።
"ተቀመጥ ልጄ" አለችኝ፣ "በስብሰሃል።"

ትዝ ብሏት ይሁን፣ ወይስ እርጥብ ሰው አይታ፣ አላውቅም።
በሁለት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ልጇ ልሆን አልችልም።
ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ ላይ ሞተች። ጋዜጣው ዘጠነኛ ገጽ ላይ ገጿን አትሞ፣
"የታላቁ ዝምታ እመቤት" አላት፣ የድሮውን ደግሞ።
ተሳሳታችሁ አልልም። ታላቅ ነበር፣ ማን ይክዳል?
ግን ከሥሩ አንድ ቃል ነበር፤ ቃል ደግሞ ጠባቂ ይወዳል።

ቃሌንም ዛሬ አጠፍኩት፣
እንደ ገጽ ጥግ፣ በጣቴ፣
ቦታው ዳግም እንዳይጠፋኝ።