ሲበጠስ የሚናገር

ኬምቺ፣ ዝናብ በማያባራበት የደሴት ዳር፣
የሳልመን ጫጩት የሚፈለፈልበት አንድ ቤት ነበር፤
አሥራ ሁለት ገንዳ፣ ውስጡ ጥፍር የሚያካክሉ ዓሦች፣
አየር የሚነፋላቸው ሞተር ካቆመ ሟቾች።

አምና በሰኔ ማዕበል ምሰሶ ጣለ፤
መብራት ሄደ። ባትሪው ሸክሙን ተቀበለ።
ሁለት ሰዓት ቻለ፤ ጉልበቱ ሲከዳው
ጥ፣ ጥ፣ ጥ፣ እያለ ተጣራ። ማን ይርዳው?
በተቆለፈ ክፍል፣ ድምፁ ከፌንጣ ያነሰ፣
ለግድግዳ አቤት እያለ፣ ለግድግዳ እያለቀሰ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሰ።

ጠዋት በላርሚኖ ቁልፉን ይዞ መጣ።
ውሃው ነጭ ሆኗል፤ ሆድ ብቻ። አልተቆጣ፣
አላለቀሰ፤ መረብ አመጣ።
ሲያወጣቸው ዋለ፣ ምሳም አልበላ፤
«መቶ እርምጃ ርቄ ተኝቼ ነበር» አለ፤ ሌላ
ቃል አልወጣውም።

ዘንድሮ ኤዱቪሄስ ከአንኩድ በአውቶቡስ መጣች፣
ሁለት ጥቅል ሽቦ በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች።
የሣጥኑን ጀርባ ፈታ፣ በባትሪ መብራት አይታ ሳቀች፦
«እይ፣ ሦስት ብሎን፤ ይኸው አፉ። አፍስ ነበረው፤
ጆሮ ነው የጠፋው፣ ጆሮ ነው የቸገረው።»

ከዚያ ዞር ብላ፦ «የትኛው ጆሮህ ነው የሚሰማ?»
«ቀኙ። ግራውን የጀልባ ሞተር በላው፣ በጉርምስናዬማ።»
«በየት ጎንህ ትተኛለህ?»
«በቀኝ።»
ዝም አለች ለአፍታ፤
«እንግዲያው መለከት ብቻውን አይበቃህም ማታ።
መብራት ሲጠፋ የሚበራ መብራት፣
የራሱን ትንሽ ባትሪ አዝሎ፣ ካልጋህ ፊት ለፊት።»

ሽቦውን በቧንቧ ስትስብ ጫፉን ያዘላት።
«በክፍቱ ባስረው፣ አይጥ የበላችው ለት
ዝም ይላል፤ እኛም ሰላም ነው ብለን እንተኛለን ሌሊት።
በዝጉ ሳስረው ግን፣ ኮረንቲው ሄዶ ይመለሳል፣
አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ ይላል፤
ያ አለሁ ሲቋረጥ ነው መለከቱ የሚጮኸው፤
ባትሪው ቢደክም፣ ሽቦው ቢበጠስ፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው።»

በላርሚኖ እጁን ከሽቦው አላነሳም።
«ወንድሜ ፑንታ አሬናስ ሄዶ፣ ስድስት ዓመት ድምፁን አልሰማም፤
ደህና ቢሆን ነው እላለሁ፤ ባይሆን ይነግረኝ ነበር።»
ኤዱቪሄስ አልመለሰችም፤ ሦስተኛውን ብሎን ታጠብቅ ጀመር።

አሥር ሰዓት ላይ ዋናውን ማጥፊያ ስትጫነው፣
መለከቱ አጓራ። የመንደር ውሻ ሁሉ ተቀበለው፤
ዶኛ ሆቪታ ድንች ስትልጥ ከነቢላዋ ወጣች፤
«ማን ሞተ?» አለች።
«ማንም» አላት በላርሚኖ፣ «ማንም!»
ደግመሽ አጥፊው ብሎ ኤዱቪሄስን ለመናት፣ ሦስቴም።

እሷ ሄዳ፣ ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ አለው፤
ቦቲውን ተጫምቶ ወጣና አንዱን ሽቦ ነቀለው።
ጩኸት። ዝናቡ በመስኮቱ ፊት ቀላ።
መልሶ ሰካው፣ ገንዳዎቹን በእጁ እየዳሰሰ ዞረ፣ ከዚያ በኋላ
ገብቶ ቦቲውን አወለቀ፣
ጋደም አለ፣
በግራ ጎኑ።